ጨዋታ ሌላ፣ ልምምድ ሌላ

በዚህ ወር የምናወራው ስለ አንድ በሽታ ወይም ስለ አንድ የምግብ ዓይነት አይደለም። ስለ ሃያ ደቂቃ ነው። በሚወደው ስፖርት መሻሻል የሚፈልግ ሰው ከቀኑ ላይ ቆርጦ ሊያስቀምጣት ስለሚገባ ሃያ ደቂቃ። «ይህ የስፖርት ገጽ ጉዳይ እንጂ የጤና ገጽ ጉዳይ ነው ወይ?» ትሉ ይሆናል። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ፍርዱን ለእናንተው እተወዋለሁ።

በሸዋ ሮቢት፣ በካራ ቆሬ፣ በአጣዬና በሌሎችም የይፋት ቆላ ከተሞች ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ኳስ የማይነካበት ባዶ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። እግር ኳሱ እንዳለ ሆኖ ሁለት እንጨት ተተክሎ ገመድ ከተወጠረ ደግሞ መረብ ኳስ፣ ብዙዎቻችን ቮሊቦል የምንለው ጨዋታ፣ ይጀመራል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁ አንድ ነገር ትታዘባላችሁ። ከአምስት ዓመት በፊት የሚመታት ኳስ መረቡ ላይ ትቀርበት የነበረው ልጅ ዛሬም መረቡ ላይ ትቀርበታለች። ያኔ በግራ እግሩ መምታት ያልቻለው ዛሬም ኳሷን ወደ ቀኝ እግሩ ለማዞር ሲሽከረከር ይነጠቃል። በየቀኑ ሜዳ ላይ ነው፤ ላቡን ያፈሳል፤ ግን አልተሻሻለም። ለምን?

መልሱ አጭር ነው። ይጫወታል እንጂ አይለማመድም።

ሒሳቡን እንሥራው

በመረብ ኳስ እያንዳንዱ ነጥብ የሚጀምረው በሰርቭ ነው። ሰርቭ ማለት ተጫዋቹ ከሜዳው የኋላ መስመር ውጭ ቆሞ ኳሷን በመረቡ ላይ አሳልፎ ወደ ተጋጣሚ ሜዳ የሚልክበት ምት ነው። በዚያ ሰዓት ማንም አይገፋውም፣ ማንም አይሻማውም። እሱና ኳሷ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከጨዋታው ሁሉ ለብቻ ለመለማመድ እንደዚህ የሚመች ክፍል የለም።

አሁን እንቁጠር። አንድ ዙር በ25 ነጥብ ያልቃል። ውጤቱ 25 ለ 20 ቢሆን በጠቅላላው 45 ነጥብ ተቆጥሯል፤ 45 ሰርቭ ተመትቷል ማለት ነው። ይህን በሁለቱም ወገን ላሉት 12 ተጫዋቾች ስናካፍለው ለአንድ ሰው አራት እንኳ አይሞላም። ሦስት ዙር ቢጫወቱ ወደ 11 ገደማ ይደርሳል። እንግዲህ አንድ ወጣት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሜዳ ላይ አሳልፎ ሰርቭ የመታው 11 ጊዜ ብቻ ነው። ያውም በሁለቱ ምቶች መካከል ብዙ ደቂቃ ስለሚያልፍ ያለፈው ስሕተት ምን እንደነበር እንኳ ረስቶታል። በአንጻሩ ያው ወጣት ኳሷን ይዞ ግድግዳ ፊት ቢቆም ሳይቻኮል በሃያ ደቂቃ ውስጥ አርባ ጊዜ ይመታል። የሃያ ደቂቃው ልምምድ የአንድ ከሰዓት በኋላን ጨዋታ ከሦስት እጥፍ በላይ አስከነዳው ማለት ነው።

በእግር ኳስ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰበትን እ.ኤ.አ. የ2013ቱን ውድድር የምናስታውስ ብዙዎች ነን። ጥር ወር ላይ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከዛምቢያ ጋር ባደረግነው የመጀመሪያ ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት አግኝተን በረኛቸው አዳነው፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1987 አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን አሸንፈን የሴካፋን ዋንጫ ያነሳነው በፍፁም ቅጣት ምት ነበር። ይህን ያነሳሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ታላላቆችም ይስታሉ። ለማለት የፈለግሁት እንዲህ ዓይነቱ ምት በአንድ ውድድር ውስጥ አንዴ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ወይም ጭራሽ ላይገኝ ይችላል። በጨዋታ ላይ አንዴ የሚገኝን ነገር በጨዋታ ላይ ልማረው ማለት አይቻልም። ከጨዋታው ውጭ፣ ለብቻው፣ በተለየ ጊዜ ካልተማሩት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

ሌላም ምክንያት አለ። በጨዋታ ላይ ሁላችንም የምንችለውን ደግመን እንሠራለን፤ የማንችለውን እንሸሻለን። ቡድናችን እንዳይሸነፍ፣ ጓደኛ እንዳይስቅብን ብለን ነው። ስለዚህ ጨዋታ ጠንካራ ጎናችንን ያሳያል እንጂ ደካማ ጎናችንን አያክምም።

ሰውነት የሚማረው እንዴት ነው?

አንድን እንቅስቃሴ ደጋግመን ስንሠራ የሚማረው ጡንቻችን ብቻ አይደለም። በተለይ የሚማረው አንጎላችንና ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱት ነርቮች ናቸው። ስለዚህም ነው የልምምድ ጥቅም በላብ ብዛት የማይለካው። በዚህ ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ለእኛ የሚጠቅሙትን ሁለቱን ላንሣ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው በእንግሊዝ የፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። ሠራተኞቹ አዲስ የጽሕፈት መሣሪያ መማር ነበረባቸው። አንዱ ቡድን በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ሌላው በቀን አራት ሰዓት ተለማመደ። የተማሩበት ጠቅላላ ሰዓት ሲደመር ያንኑ ችሎታ ባነሰ ሰዓት የያዘው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ የተለማመደው ቡድን ሆነ። የሚገርመው ግን በአሠልጣጠናቸው ያልረኩት እነዚሁ በተሻለ የተማሩት መሆናቸው ነው፤ ቀኑ ረዘመባቸው። የእኛም ጠባይ ይኸው አይደለምን? አንድ ቀን ተነሣሥተን ሦስት ሰዓት እንደክማለን፤ በማግስቱ ክንዳችን አልነሣ ይላል፤ ከዚያ ለአንድ ወር እንጠፋለን።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት የወጣ፣ ሕፃናት ትንሽ ከረጢት ወደ ዒላማ በመወርወር የተሳተፉበት ጥናት ነው። የስምንት ዓመት ልጆች ነበሩ። አንዱ ቡድን ዘወትር 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ሲወረውር ሌላው ቡድን አንዴ ከ60 አንዴ ከ120 ሳንቲ ሜትር ይወረውር ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ከ90 ሳንቲ ሜትር ሲፈተኑ የበለጡት ከዚያ ርቀት ጭራሽ ያልተለማመዱት፣ ርቀቱን ሲቀያይሩ የነበሩት ልጆች ናቸው። ለምን ቢባል አንድ ውርወራ ሳይሆን መወርወርን ስለተማሩ ነው።

እንቅልፍንም መርሳት የለብንም። ቀን የተለማመድነውን እንቅስቃሴ አንጎል የሚያጸናው ሌሊት ተኝተን ሳለ ነው። ተለማምዶ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ሲነካካ የሚያመሽ ሰው ዘርቶ እንደማያጭድ ገበሬ ነው።

ከዚህ በመነሣት ልምምድ ልንለው የምንችለው የሚከተሉትን የያዘውን ነው።

1ኛ. አንድ ነገር ይመረጥ። «ዛሬ ቮሊቦል እለማመዳለሁ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። «ዛሬ ከላይ የሚመታ ሰርቭ ወደ ግራ ጥግ» ማለት ግን ልምምድ ነው።

2ኛ. ዒላማ ይኑር። ግድግዳ ላይ በጠመኔ መስመር ይሰመር። የመረቡ ከፍታ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24፣ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ በግራና በቀኝ ሁለት ሳጥን ይሣል። ከኋላ መስመር እስከ መረቡ 9 ሜትር ስለሆነ ከግድግዳው 9 ሜትር ርቆ መቆም ነው። ጀማሪ ከ5 ሜትር ይጀምር።

3ኛ. ይቆጠር። ከሃያ ምት ስንቱ ሳጥኑን አገኘ? በደብተር ይጻፍ። ደብተር አያሞግስም፤ አያሳዝንም፤ እውነቱን ይናገራል።

4ኛ. ይቀያየር። አንዴ ከ7 ሜትር፣ አንዴ ከ9፤ አንዴ ቀኝ ሳጥን፣ አንዴ ግራ። ሃያውንም በአንድ ቦታ መምታት ለደብተሩ ደስ ይለዋል፤ ለጨዋታው ግን ብዙም አይረዳም።

5ኛ. ሳይሰለች ይቁም። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ፈጠን ባለ እርምጃና ክንድን በማወዛወዝ ማሟሟቅ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ደቂቃ ሥራ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከሠላሳ ምት አትለፉ፤ ትከሻ ቀስ በቀስ የሚለምድ አካል ነው። ሲመቱ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ የዚያን ቀን ማቆም ግድ ነው።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

«ጊዜ የለንም» የሚለውን አውቀዋለሁ። በሽንኩርት ማሳ መስኖ የሚያዞር፣ ባጃጅ የሚያሽከረክር፣ ሱቅ የሚጠብቅ፣ የሚማር ሁሉ ሥራ አለበት። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዲኤስቲቪ ቤት ገብቶ ሁለት የእንግሊዝ ጨዋታ ያየ ሰው አራት ሰዓት አሳልፏል። አራት ሰዓት ማለት አሥራ ሁለት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ለሚለማመድ የሁለት ሳምንት ልምምድ ተርፎ ይቀራል። ሌሎች ሲጫወቱ ማየት አይከፋም፤ የሌሎችን ግብ እየቆጠሩ የራስን አለመቁጠር ነው የሚከፋው። በዚያ ላይ ውርርዱ ሲጨመር ጊዜም ገንዘብም ይዞ ይሄዳል።

ከዚህ የከበደው ግን የጫት ሰዓት ነው። በእኛ አካባቢ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ በበርጫ እንደሚያልቅ የተደበቀ አይደለም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ እንቅልፍን ያዛባል። ስለዚህ ቅሞ ሜዳ የሚገባ ወጣት ሦስት ጊዜ ይከስራል። ልቡ ያለ ሥራ ደክማለች፤ ሆዱ ባዶ ነው፤ የተለማመደውን የሚያጸናለት እንቅልፍም የለውም። «ሲቃም ጉልበት ይሰጣል» የሚባለው የተበደሩትን ገንዘብ እንደ ደመወዝ መቁጠር ነው።

ታዲያ የትኛው ሰዓት ይመረጥ? ለዚህ የሶላት ወቅቶች ቀኑን ቀድመው ከፍለውልናል። ከሱብሒ በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ያለው ጊዜ በቆላው ቀዝቀዝ ያለ ነው። ከዐስር በኋላ ደግሞ ከ11 ሰዓት እስከ መግሪብ አዛን ድረስ ይመቻል። «ጊዜ ሳገኝ» የሚል ቀጠሮ አይፈጸምም፤ «ሱብሒን እንደሰገድኩ» የሚል ቀጠሮ ግን በአዛን ይታወሳል።

የሰዓቱ ምርጫ በእኛ አገር የጤናም ጉዳይ ነው። ከጣርማ በር ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው እንደሚያውቀው እኛ ያለነው ከባህር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በበጋ እኩለ ቀን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሜዳ ላይ መሮጥ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ያስከትላል። እንዲህ የተሰማው ወዲያው ጥላ ይግባ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ገላውን በውሃ ያቀዝቅዝ። ግራ የተጋባና የሚቀባዥር ሰው ካለ ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። ምሽቱም የራሱ ነገር አለው። የወባ ትንኝ ከማታ ጀምሮ እስከ ንጋት ስለምትናደፍ መግሪብ ሲደርስ ኳሱን መሰብሰብ ተገቢ ነው። ወባ ይዞት ኮአርተም የጀመረ ሰው ደግሞ ተሻለኝ ብሎ ሳያቋርጥ የሦስት ቀኑን መድኃኒት ይጨርስ፤ ጉልበቱ እስኪመለስም ልምምዱን ቀስ ብሎ ይጀምር።

በጸጥታም ሆነ በሌላ ምክንያት ሩቅ ሜዳ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ አለ። የልምምድ ውበቱ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታ አሥራ ሁለት ሰውና ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ልምምድ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ኳስና የጎረቤት ፈቃድ ያገኘ አንድ ግድግዳ ይበቃዋል።

እህቶቻችንስ?

እስካሁን «ልጁ» እያልኩ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሜዳ ላይ የሚታዩት ወንዶች ናቸውና። አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሃው፣ እንጀራው፣ ታናናሾቿ ይጠብቋታል። ወንድሟ ቦርሳውን ጥሎ ይወጣል። ከዚያ ይህች ልጅ ታድግና በሠላሳ አምስትና በአርባ ዓመቷ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለመውሰድ መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ ትቆማለች። «እንቅስቃሴ አድርጊ» ስትባል «የት? መቼ?» ትላለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። መልስ ያጣነው እኛ ነን።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ፣ አዋቂዎች ደግሞ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ለሴት የተለየ ቅናሽ አላደረገም።

ለዚህም ነው ሃያ ደቂቃዋ ከወንዶቹ ይልቅ ለሴቶቹ የምታስፈልገው የምለው። ልጅቷ የተከለለ ግቢ ውስጥ፣ ከእህቷ ወይም ከእናቷ ጋር፣ ልቅ ያለ ልብሷን እንደለበሰች መለማመድ ትችላለች። ማንም አያያትም፤ ማንም አይስቅባትም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ግብፃዊቷ ዱዓ አል-ጎባሺ ሒጃቧን እንደለበሰች የባሕር ዳርቻ መረብ ኳስ ተጫውታ ዓለም አይቷታል። እኔ ግን የምጠይቀው ኦሎምፒክ አይደለም፤ ሃያ ደቂቃ ነው። እናቶች ሆይ፣ ከልጃችሁ ሥራ ላይ ሃያ ደቂቃ ቀንሱላት፤ ያችን ሃያ ደቂቃ ወንድሟ ታናናሾቹን ይጠብቅ። አባቶች ሆይ፣ ለወንዱ የገዛችሁትን ኳስ ለእሷም እንዲያውሳት እዘዙ።

ለችሎታ የሚሆን ክኒን የለም

እኔ በሙያዬ ከመድኃኒት መደርደሪያ አጠገብ ስለምውል የማየውን ልናገር። ወጣቶች መጥተው ከሚጠይቁት መካከል ሦስቱ ያሳስቡኛል።

አንደኛው ከጨዋታ በፊት «እንዳያመኝ» ተብሎ የሚዋጥ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ነው። ሕመም የሰውነት ማስጠንቀቂያ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን አፍኖ መጫወት ትንሹን ጉዳት ትልቅ ያደርጋል። በተለይ በእኛ ሙቀት፣ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጨጓራንም ሊያቆስሉ ይችላሉ።

ሁለተኛው «ሰውነት የሚያወፍር» ተብሎ የሚፈለገው ዴክሳሜታዞን ነው። ይህ መድኃኒት ሐኪም ለከባድ ሕመም በልኩ የሚያዘው ነው። ያለ ትእዛዝ ሲወሰድ ፊትን የሚያሳብጠው፣ ስኳርንና የደም ግፊትን የሚያወጣው፣ አጥንትን የሚያሳሳው፣ በሽታ የመከላከል አቅምንም የሚቀንሰው እሱው ነው። እብጠት ጡንቻ አይደለም።

ሦስተኛው የቫይታሚን ክኒንና መርፌ ነው። የቫይታሚን እጥረት ለሌለበት ሰው ቫይታሚን ጉልበት አይጨምርለትም፤ ገንዘቡን ይቀንስለታል እንጂ።

ሦስቱም አንድ ሐሳብ ይጋራሉ፤ ሳይለማመዱ መሻሻል። ለዚያ የሚሆን መድኃኒት በየትኛውም መደርደሪያ ላይ የለም። ቢኖር ኖሮ እኛ ባለሙያዎቹ ቀድመን በዋጥነው።

ገበታችን ላይ ያለው ይበቃል

ለሃያ ደቂቃ ልምምድ የተለየ ምግብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ያለንን በሰዓቱና በመልኩ መብላት ነው። ከባድ ምግብ ከበሉ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል መቆየት ይመረጣል። ከሱብሒ በኋላ የሚለማመድ ሰው ሁለት ሦስት ተምርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይበቃዋል፤ ቁርሱን ከልምምዱ በኋላ ይብላ።

ሰውነትን ለመጠገን ፕሮቲን ያስፈልጋል። ሥጋና ወተት ተወዷል ለምትሉ፣ ማሾ እናንተው ማሳ ላይ አለ። 100 ግራም ደረቅ ማሾ ወደ 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የይፋት ገበሬ ማሾን እያመረተ ለገበያ እንጂ ለድስት አያስበውም። በሾርባ መልክ ወይም እንደ ምስር ተሠርቶ በማሽላ እንጀራ ቢበላ እህሉና ጥራጥሬው አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ማንጎና ፓፓያም ለቫይታሚን ኤ እና ሲ ደጃችን ላይ ናቸው።

ወር አበባ የሚያዩ ልጃገረዶች የብረት እጥረት በቀላሉ ያገኛቸዋል፤ ቶሎ መድከምና ማለክለክ አንዱ ምልክቱ ነው። ምስር፣ ማሾና ጎመን ሎሚ ተጨምቆባቸው ሲበሉ ብረቱ በደንብ ይዋሃዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር አብረው ሲጠጡ ብረቱን ስለሚይዙት አንድ ሰዓት ያህል ይዘግዩ። ድካሙ ከቀጠለ የደም ምርመራ ማድረግ ይገባል።

ለመጠጥ ንጹሕ ውሃ ይበቃል። ኃይል ሰጪ የሚባሉት የታሸጉ መጠጦች ስኳርና ካፌን እንጂ ሌላ ብዙም ነገር የላቸውም።

በረመዳን ወር ልምምዱን ማቋረጥ ግድ አይደለም፤ ማቅለል ግን ግድ ነው። ከመግሪብ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ጥላ ሥር ለሚሠራ ቀላል የዒላማ ልምምድ ትመቻለች፤ ወዲያው ስለሚፈጠር። ሩጫና ከባድ ሥራ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። በአዳማ ተወልዳ ለኔዘርላንድ የምትሮጠው ሲፈን ሐሰን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 የመጀመሪያ ማራቶኗን ለንደን ላይ የሮጠችው ከዒድ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነበር። ዝግጅቷ ረመዳን ላይ ስለዋለ እየሮጡ መጠጣትን እንዳልተለማመደች ተናግራለች። እሷ ለማሸነፍ በቅታለች፤ በ2024ም ፓሪስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዳለች። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን የዓለም ሻምፒዮን እንኳ ከጠርሙስ መጠጣትን ያህል ነገር «ልለማመደው የሚገባ» ብላ መቁጠሯ ነው።

«ለመዝናናት ነው የምንጫወተው»

ይህን የሚሉ ይኖራሉ። እኔም መዝናናትን አልቃወምም። ሁሉም ሰው ሙገር ሲሚንቶን ወይም ወላይታ ድቻን ይቀላቀል አላልኩም። ነገር ግን የጤናው ጉዳይ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የማይሻሻል ሰው ይሰለቻል። የሰለቸ ሰው ይተዋል። በሃያዎቹ ዕድሜ ሜዳ ላይ የነበሩት ወንድሞች ሠላሳ ሲሞላቸው የት ገቡ? አንዳንዱን ሥራ ወሰደው፤ ብዙውን ግን «አይ፣ እኔ ድሮም አልችልም ነበር» የሚል ሐሳብ ወሰደው። በወር ከሃያ ሰባት ወደ ሃያ አሥራ ሁለት የደረሰውን ቁጥር በደብተሩ ላይ ያየ ሰው ግን ለነገ ይጓጓል። ጉጉት ያለው ሰው አርባ ዓመት ሲሞላውም ይንቀሳቀሳል። የልብ፣ የስኳርና የደም ግፊት መከላከያው ይህ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሃያ ሃያ ደቂቃ 100 ደቂቃ ይሆናል፤ ዓርብ ወይም እሑድ የአንድ ሰዓት ጨዋታ ሲጨመርበት 160። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ሞላ ማለት ነው።

«ችሎታ በተፈጥሮ ነው» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ቁመት በተፈጥሮ ነው፤ ሰርቭን ሳጥን ውስጥ ማስገባት ግን አይደለም። የተማሩትን መተውም እንደዚሁ ዋጋ ያስከፍላል። ቀስት መወርወርን ተምሮ የተወውን ሰው የሚወቅስ ሐዲስ በሶሒሕ ሙስሊም እንዳለ በመድረሳ የተቀመጥን ሁሉ እናውቃለን። ለችሎታ ዋጋ መስጠት ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ስለዚህ የዚህ ወር የቤት ሥራችሁ ይህ ነው። ነገ ሱብሒን ሰግዳችሁ ደብተርና ጠመኔ ያዙ። ግድግዳ ፈልጉ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሃያ ምት ምቱና ስንቱ ሳጥኑን እንዳገኘ ጻፉ። ሦስት ይሁን ሁለት አትፈሩ፤ ለማንም አታሳዩት። ከሠላሳ ቀን በኋላ በዚያው ገጽ ላይ ሌላ ቁጥር ጻፉ። ወንዱ ብቻ ሳይሆን እህቱም የራሷ ገጽ ይኑራት።

አላህ ጤናችንንና ጊዜያችንን ይባርክልን። ወሰላም።